ከጎመን እስከ ማርማላታ፦ ያልተጻፈው የጓሮ ታሪክ



ባለፈው የሩብ ዓመት ስብሰባ የተነሣውን ክርክር የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። ላልተገኛችሁት ባጭሩ እንንገራችሁ። በማኅበራችን ማድ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የዘይቱን ጄሊ ለመሥራት ሞክረን ነበር። ከአባላት ግቢ የተለቀመ 15 ኪሎ ዘይቱንና ከመዋጮ የተገዛ 10 ኪሎ ስኳር ድስት ውስጥ ገባ። የወጣው ግን ጄሊ አልነበረም። ከድስቱ ጋር የተጣበቀ፣ ማንኪያ የሚያጎብጥ፣ የማረር ሽታ ያለው ከረሜላ ነበር። የሒሳብ መዝገቡን የምንይዘው እኛ በዚያ ቀን ገጽ ላይ የስኳሩን ዋጋ በወጪ በኩል ጻፍን፤ የገቢውን በኩል ባዶ ተውነው።

ጉዳዩ ለስብሰባ ሲቀርብ አንድ አንጋፋ እናታችን ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ ማርማላታ የፈረንጅ ነው። የእኛ ጓሮ ጎመንና ቃሪያ ይበቃዋል። ያልለመድነውን እንሞክራለን ብለን የድሃ ስኳር አቃጠልን» አሉ። ብዙዎች አጨበጨቡላቸው። ሌላዋ እህታችን ደግሞ፣ «ታዲያ በየዓመቱ ዛፍ ሥር ወድቆ ዝንብ የሚወርረው ዘይቱንስ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ለእርሷም ተጨበጨበ። ስብሰባው ሳይወስን ተበተነ፤ ጉዳዩም ለሚቀጥለው ጊዜ በይደር ተያዘ።

እኛ ከሒሳብ በቀር ሙያ የለንም። ሆኖም «የእኛ ነው፣ የእኛ አይደለም» የሚለው ጥያቄ በደረሰኝ የሚመለስ ስላልሆነ ወደ ታሪክ ሄድን። ያገኘነው ደግሞ መልሶ ወደ መዝገባችን አመጣን። እስቲ አብረን እንየው።

የጓሯችን እንግዶች

እናታችን ስለ ጎመኑ እውነት ብለዋል። የሐበሻ ጎመን የምንለው መገኛው እዚሁ የእኛ ደጋ ነው። እንሰትም፣ ቡናም፣ ጌሾም የአገሩ ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን የጎበኘው የሶቪየት ኅብረት የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ ኢትዮጵያን የዓለም ሰብሎች ከበቀሉባቸው ዋና ዋና ማዕከላት አንዷ አድርጎ የቆጠራት ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ቃሪያው ግን እናታችን ይቅር ይበሉን። ቃሪያና በርበሬ የመጡት ከአሜሪካ ምድር ነው። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ወደዚያ ባይሻገሩ ኖሮ የእኛ ወጥ ቀይ ባልሆነ ነበር። ቲማቲምም፣ ድንችም፣ በቆሎም፣ ያው ያረረብን ዘይቱንም ከዚያው ወገን ናቸው። ብርቱካን ስሙ ራሱ አገሩን ይናገራል፤ ዓረቦች ፍሬውን በፖርቱጋል ስም ጠሩት፣ እኛም ከእነርሱ ተቀበልን። ዘይቱን የሚለው ቃል ደግሞ በዓረብኛ የወይራ ፍሬ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ከአሜሪካ ለመጣ ሌላ ፍሬ ተሰጠ።

ድንች ወደ አገራችን የገባበት ዘመን በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ትግራይ ውስጥ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንዳስገባው ይነገራል። ሰው ግን ወዲያው አልተቀበለውም። በስፋት መተከል የጀመረው በክፉ ቀን ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ በሬውን ሲፈጅ፣ ማረሻ የሚጎትት ጠፋ፤ እርሻው ጦም አደረ። በዚያ ጊዜ በሬ የማይጠይቅ መሬት የቀረው በዶማና በእጅ የሚቆፈረው ብቻ ነበር። ያ መሬት ጓሮ ነው። ጓሮውን የምትቆፍረውም በብዙው የአገራችን ክፍል ሴት ናት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ስለዚያ ዘመን የተጻፉ መጻሕፍት ስንት በሬ እንዳለቀ፣ የትኛው መኳንንት የት እንደዘመተ ይነግሩናል። የትኛዋ እናት በየትኛው ጓሮ ስንት መደብ ጎመንና ድንች ተክላ ስንት ልጅ እንዳተረፈች የሚነግረን የለም። ልጆቹ ግን ተርፈዋል፤ እኛም የልጅ ልጆቻቸው ነን።

መጽሐፍ ያልያዘውን አንዳንድ ጊዜ ቋንቋ ይይዘዋል። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ሲባል ሰምተን ያደግን ብዙዎች ነን። ይህ አባባል የዘመን አቆጣጠር ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ይራቆታል፤ አዲሱ እህል ገና ነው። በእነዚያ ወራት ቤቱን የሚያቆመው የጓሮ ጎመን ነው። ስለዚህ በጎመን ላይ የተነገረው የንቀት ቃል ሳይሆን የክረምቱን ዕዳ የከፈለ ባለውለታ የሚሸኝበት ቃል ነው ብለን እናምናለን።

በደቡብ ደግሞ ጓሮ የቤት ጀርባ ብቻ አይደለም፤ ሙሉ አገር ነው። ጌዴኦ ውስጥ ከትልልቅ ዛፍ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ በየመካከሉ ሌላ ሌላው ተክል እየተደራረበ ይበቅላል። ሰዎቹ ይህንን ለዘመናት ሲያደርጉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ጓሮው ከመመዝገቡ በፊትም ያው ጓሮ ነበር። ከተመዘገበ በኋላ ግን ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ እንኳ በአክብሮት ያየዋል። የሒሳብ ሰዎች ስለሆንን ይህች «መዘገበው» የምትለው ቃል ከልባችን አልወጣችም።

እንግዲህ «ጎመንና ቃሪያ» ከሚለው ግማሹ የአገር ልጅ፣ ግማሹ እንግዳ ነው። እንግዳው ቤተኛ የሆነው የሴቶች እጅ ስላለመደው ነው። በጋሞ ደጋ ጨንቻ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሚስዮናውያን እጅ የገባው አፕል ዛሬ የአካባቢው መታወቂያ ሆኗል። የልጅ ልጆቻችን ደግሞ ዘይቱንን ከጥንት የነበረ የሐበሻ ፍሬ አድርገው ቢያወሩት አይገርመንም።

ማርማላታ ለምን ዘገየ?

ወደ ማርማላታው እንምጣ። ቃሉ የጣሊያን ነው። ጣሊያኖችም ከፖርቱጋሎች ወሰዱት፤ በፖርቱጋል ቋንቋ «ማርሜሎ» የሚባል እንደ አፕል ያለ ጎምዛዛ ፍሬ አለ፣ ከእርሱ በስኳር የሚሠራው «ማርሜላዳ» ተባለ። እኛ ዘንድ ከፉርኖና ከፓስታ ጋር በጣሊያኖች አፍ መጣ። ስለዚህ እናታችን «የፈረንጅ ነው» ማለታቸው በስሙ በኩል ትክክል ነው።

ግን ለምን እኛ አልሠራነውም? እናቶቻችን ምግብ ማቆየት ስላላወቁ አይደለም። ቋንጣ ያደርቃሉ፣ ቅቤ ያነጥራሉ፣ ድርቆሽ ያስቀምጣሉ፣ አዋዜና ስልጆ ያዘጋጃሉ። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ወራትን አልፎ ዓመታትን ይሻገራል። ይህ ሁሉ ባልትና ነው፤ በዓለም ከማንም የማያንስ ሙያ። ፍሬ ማቆየት ያልተለመደበት ምክንያት ሌላ ነው፤ እኛ የሚመስሉን ሁለት ናቸው።

አንደኛው የአየር ጠባያችን ነው። በአውሮፓ በረዶ ሲወርድ ለወራት የሚለቀም ነገር የለም። የበጋውን ፍሬ ለክረምት ያላኖረች ሴት ልጆቿን የምታበላው አታገኝም። እኛ ዘንድ ግን ሙዙ ሲያልቅ ሎሚው፣ ሎሚው ሲያልቅ ኮኩ ይደርሳል። አጋምና ኮሽም እንኳ በየአጥሩ ለእረኛ ይተርፋሉ። ፍሬ ከዛፍ ወደ አፍ ነው።

ሁለተኛው ስኳር ነው። ማርማላታ ከፍሬ ይልቅ የስኳር ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፍሬው እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ስኳሩ ስለሆነ ማለት ነው። በአገራችን ጣፋጭ የነበረው ማር ነው፤ ማር ደግሞ ለግብርና ለጠጅ ይውል ነበር። ስኳር በአገር ውስጥ በፋብሪካ መመረት የጀመረው የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ስኳር በብዙ ቤት ለሻይ ብቻ ተቆጥሮ የሚወጣ ነገር ነበር። በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው በኩፖን ስኳር የወሰዱ እናቶች በማኅበራችን ዛሬም አሉ። ያንን ስኳር ማን ድስት ውስጥ ገልብጦ ማርማላታ ይሞክርበታል?

ስለዚህ ብዙዎቻችን ማርማላታን ያወቅነው በፋብሪካ በኩል ነው። ከአዋሽ ሸለቆ ብርቱካን የሚሠራው የመርቲ ማርማላታ በዳቦ ተቀብቶ ለትምህርት ቤት ምሳ የተቋጠረልን ሁላችን ጣዕሙን እናስታውሳለን። ያ ማርማላታ የፈረንጅ አልነበረም። የአገሩ ብርቱካን በአገሩ ሠራተኛ እጅ የተሠራ ነው። ሴቶች በየቤታቸው ሊሠሩት የሚችሉት መሆኑን ግን የነገረን ሰው አልነበረም።

ጃምን ከመዝገብ ጋር ያዋሃዱ ሴቶች

የቤት ውስጥ ማርማላታ ታሪክ ስንፈልግ አንድ የእኛን የሚመስል ማኅበር አገኘን። ነገሩ የሚጀምረው በሐዘን ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ አደሌድ ሁድለስ የምትባል እናት እ.ኤ.አ. በ1889 ሕፃን ልጇ ሞተባት። የሞተው በተበከለ ወተት ነው ተብሎ ይታመናል። ይህች እናት ከዚያ በኋላ ሴቶች ስለ ምግብና ስለ ቤት አያያዝ እንዲማሩ ስትወተውት ኖረች። በ1897 በስቶኒ ክሪክ መንደር የመጀመሪያው «ዊመንስ ኢንስቲትዩት» የተባለ የገጠር ሴቶች ማኅበር ተቋቋመ። ሐሳቡ ባሕር ተሻግሮ በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በዌልስ አንግልሲ ደሴት የብሪታንያ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ተከፈተ። ዓላማው በጦርነቱ ጊዜ የገጠር ሴቶች ምግብ በማምረት እንዲያግዙ ነበር።

ሁለተኛው ጦርነት በ1939 ሲፈነዳ ብሪታንያ ምግቧን በብዛት በመርከብ የምታስገባ አገር ነበረች፤ መርከቦቹን ደግሞ የጀርመን ባሕር ሰርጓጆች ያሰጥሟቸው ጀመር። መንግሥት ሕዝቡ ያለውን መሬት ሁሉ እንዲቆፍር ጠራ። የአበባ መደብ የድንችና የጥቅል ጎመን መደብ ሆነ። ከ1940 መጀመሪያ ጀምሮ ስኳር በራሽን ሆነ፤ በ1941 ጃምም ተከተለ።

በዚህ መካከል በየጓሮውና በየአጥሩ ፍሬው በዝቶ ይረግፍ ነበር። ፍሬ አለ፣ ስኳር የለም። የማኅበሩ መሪዎች ስኳር እንዲለቀቅላቸው መንግሥትን ጠየቁ። በ1940 የ1,400 ፓውንድ ድጎማ ተሰጣቸውና ፍሬ የማቆያ ሥራቸው በይፋ ተጀመረ። በየመንደሩ በመሰብሰቢያ አዳራሽ፣ በትምህርት ቤት፣ በግለሰብ ማድ ቤት ድስት ተጣደ። ከአሜሪካ በእጅ የሚሠሩ የቆርቆሮ ማሸጊያ መሣሪያዎች ተላኩላቸው።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የተሰጣቸው ስኳር ለዚያ ሥራ ብቻ መዋል ነበረበት። ጃሙ እንዳይበላሽ ከመቶ 60 እጅ ስኳር እንዲኖረው ደንብ ወጣ፤ ተቆጣጣሪ እየመጣ ያይ ነበር። የተሠራው ጃም ለገበያ ይሄዳል። ሲያማስሉ ውለው እጃቸው የተላጠ ሴቶች እንኳ ለቤታቸው ከፈለጉ እንደማንኛውም ሰው በራሽን ደብተራቸው ይገዙ ነበር። አንዳንዷ ሳትማረር አልቀረችም፤ የራሷን ጓሮ ፍሬ ራሷ ቀቅላ መልሳ መግዛቷ ለማንም ይከብዳል። ነገር ግን እያንዳንዱ የስኳር ሚዛን፣ እያንዳንዱ ጠርሙስ ተጽፎ ስለነበር ጦርነቱ ሲያበቃ የሠሩትን በአንድ ቁጥር መናገር ቻሉ። ከ1940 እስከ 1945 ከ5,300 ቶን በላይ ፍሬ አቆይተዋል።

5,300 ቶን! ይህ ቁጥር ከየጓሮው በቅርጫት ከመጣ ፍሬ የተደመረ ነው። አንዷ ሴት ለብቻዋ ብታቆየው ኖሮ «ጎረቤታችን ጥሩ ጃም ትሠራ ነበር» ከመባል አያልፍም። ተደምሮና ተጽፎ ሲቀርብ ግን የአገር ታሪክ ሆነ። በእኛም ዘንድ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እኛ በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር፤ ሃምሳው ሎሚ ካልተቆጠረ ሃምሳ መሆኑን ማንም አያውቅም።

ጄሊያችን ለምን አረረ?

አሁን ወደ ራሳችን ድስት እንመለስ። ያጠፋነው ሰነፍ ሆነን አይደለም፤ የውጭ አገር መመሪያ ቃል በቃል ስለተከተልን ነው። መመሪያው «ቴርሞሜትሩ 105 ዲግሪ እስኪያሳይ አፍሉት» ይላል። ይህ ለባሕር ጠረፍ አገር ትክክል ነው፤ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጄሊ የሚረጋው ውሃ ከሚፈላበት ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ከፍ ሲል ስለሆነ ለእኛ ልኩ ከ96 እስከ 97 ነው። 105 እስኪደርስ ስንጠብቅ ጄሊውን አልፈን ከረሜላው ላይ ደረስን። ስሕተቱ የእኛ ነው፤ በቃለ ጉባኤም ተጽፏል።

በሁለተኛው ሙከራ መጠኑን ቀንሰን በአባላት ፈቃደኝነት በ5 ኪሎ ዘይቱን ሠራን። አሠራሩን እንዲህ መዝግበነዋል፦

ግማሹ የበሰለ፣ ግማሹ ገና ጠንከር ያለ ዘይቱን ይመረጣል። ጄሊን የሚያረጋው ፔክቲን የሚባለው ነገር በጠና ግን ባልበሰለ ፍሬ ውስጥ ስለሚበዛ ነው። ታጥቦ ይከተፍና ውሃ እስኪሸፍነው ድረስ ተጨምሮበት እስኪለሰልስ ይቀቀላል። ከዚያ በንጹሕ ሻሽ ታስሮ ሌሊቱን ሙሉ ይንጠባጠባል። ሻሹን መጭመቅ የለም፤ ከተጨመቀ ጄሊው ይደፈርሳል። ለ1 ሊትር ጭማቂ 800 ግራም ስኳርና የ2 ሎሚ ጭማቂ ገብቶ በኃይለኛ እሳት ይፈላል። ቴርሞሜትር የሌላት እህት ሰሃን ቀዝቃዛ ቦታ ታስቀምጥ። ጠብታ ጣል አድርጋ ጥቂት ቆይታ በጣቷ ስትገፋው ከተጨማደደ ደርሷል፤ ወዲያው ይውረድ። በተቀቀለ ጠርሙስ ትኩሱን ተሞልቶ ከተከደነ በኋላ ጠርሙሱ ውሃ ውስጥ ሆኖ ለ15 ደቂቃ ይፈላል። ይህ ጊዜ በቆላ አገር ከሚያስፈልገው ይረዝማል፤ ምክንያቱ ያው ከፍታችን ነው።

በሻሹ ውስጥ የቀረው ዝቃጭም አይጣልም። በወንፊት ታሽቶ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ በስኳር ሲቀቀል ወፍራም ማርማላታ ይሆናል። ከ5 ኪሎው 18 ትንንሽ ጠርሙስ ጄሊ አገኘን። ቀለሙ እንደ ጠጅ ነው፤ ከመስኮት ላይ ሲቀመጥ ብርሃን ያሳልፋል። እናታችንም ቀምሰው፣ «ይሁን፣ ግን ስኳሩ በዛ» ብለዋል።

በመዝገባችን ያልተገኘችው እህት

ይህን ሁሉ የጻፍነው ስለ ጄሊ ጣዕም ብለን አይደለም። በዚህ ዓመት አንዲት የማኅበራችን አባል ከኖረችበት ቤት ተነሥታ ወደ ኮንዶሚኒየም ተዛወረች። በድሮው ግቢዋ 3 የዘይቱን ዛፍ፣ 1 ጊሽጣ፣ የጎመንና የቃሪያ መደብ ነበራት። ልጆቿን ያስተማረችው ከዚያ እየለቀመች በመሸጥ፣ ያልተሸጠውንም በመመገብ ነው። ካሳ ሊሰላ ሲል፣ «ከዛፎቹ በዓመት ምን ያህል ታገኚ ነበር?» ተብላ ተጠየቀች። የምታሳየው ወረቀት አልነበራትም። ወደ እኛ መጣች። እኛም የማኅበሩን መዝገብ ገለጥን።

በመዝገባችን ውስጥ የዚህች እህት ጓሮ አልነበረም። መዋጮዋ አለ፣ የተበደረችው አለ፣ የመለሰችውም እስከ ሳንቲሙ አለ። ለማኅበራችን ዝግጅቶች ያመጣችው ጎመን፣ ለታመመች ጎረቤት የላከችው ሎሚ፣ ልጆቿ የበሉት ዘይቱን ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ምክንያቱም እኛ መዝገቡን ስንከፍት የጻፍነው በጥሬ ገንዘብ የገባና የወጣውን ብቻ ነበር። ኮሌጅ የተማርነው እንደዚያ ነው። ያን ቀን እርሷ ፊት መዝገቡን መዝጋት ከባድ ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የኒውዚላንድ የምክር ቤት አባል የነበረችው ማሪሊን ዌሪንግ ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የአገሮች ትልልቅ የሒሳብ መዝገቦች የሴቶችን የቤት ውስጥ ሥራ እንደሌለ አድርገው እንደሚያልፉት አሳይታለች። ዛሬ በዓለም አቀፉ የብሔራዊ ሒሳብ ደንብ ቤተሰብ ለራሱ ፍጆታ የሚያመርተው ጎመንና ፍሬ በምርትነት እንዲቆጠር ተወስኗል፤ ምግብ ማብሰሉና ልጅ ማሳደጉ ግን አሁንም አይቆጠርም። ደንቡ ጎመኑን ቢፈቅድም የጎመኑን ልክ የሚያውቅ ካልጻፈው ማን ይቆጥረዋል?

እንግዲህ ከክፉ ቀን እናቶችና ከብሪታንያዎቹ ሴቶች መካከል ያለው ልዩነት የሥራ ልዩነት አይደለም። ሁለቱም አገር መግበዋል። የእኛዎቹ እንዲያውም በባሰ ቀን፣ ያለ ድጎማና ያለ ስኳር። ልዩነቱ ደብተሩ ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ሐሳብ ይዘን እንቀርባለን። የመጀመሪያው፣ እያንዳንዷ አባል ትንሽ የጓሮ ደብተር ይኑራት። ቀን፣ የተለቀመው ዓይነትና ኪሎ፣ ከዚያ ሦስት ዓምድ፤ «የተሸጠ»፣ «ቤት የተበላ»፣ «የተሰጠ»። መጻፍ ለማትችል እናት ልጇ ወይም እኛ እንጽፍላታለን። በጆንያና በአሮጌ ጀሪካን በረንዳ ላይ ቆስጣና ሰላጣ የምታበቅል የኮንዶሚኒየም እህትም ደብተር ይገባታል፤ በረንዳም ጓሮ ነው።

ሁለተኛው፣ የጄሊው ሥራ በአነስተኛ መጠን እንዲቀጥል ነው። የመጀመሪያው ኪሳራ በሒሳባችን ላይ እንዳለ ይቆያል፤ አንሰርዘውም። ለደጋፊዎቻችንም በዓመቱ ሪፖርት ውስጥ በግልጽ እናቀርበዋለን። ያረረውን የማይጽፍ መዝገብ የረጋውንም ቢጽፍ አይታመንም።

ሦስተኛው፣ በየአጥሩ ያለውን ኮሽምና አጋም እንሞክር። ሁለቱም ጎምዛዛ ናቸው፤ ለጄሊ ጎምዛዛ ፍሬ ይስማማል። እናታችን የፈለጉት የአገር ፍሬ ከሆነ ከእነዚህ የበለጠ የአገር ልጅ አናገኝም። ስማቸውን በጠርሙሱ ላይ በአማርኛ እንጽፋለን።

ከቤቷ የተነሣችው እህታችን ከድሮው ግቢ ሳትወጣ የዘይቱኑን ፍሬ በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ነበር። ዘሩን በቀለም ባልዲ ዘርታ አሁን ስንዝር የምታህሉ 4 ችግኞች በረንዳዋ ላይ አሉ። የጓሮ ደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ የጻፍነው በእርሷ ስም ነው፦ «ዘይቱን፣ 4 ችግኝ፣ ገና አላፈራም»።

 በስብሰባው እንገናኝ፤ ስትመጡ ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ።

ከሒሳብ ክፍል